ዳንቴሉ በየዙሩ ይሰፋብኛል፤ ስሊፑን የት ነው የማስገባው?

ሀያት ከደሴ

ሰላም እንዴት ናችሁ። እስካሁን ከዳር ሆኜ አነብ ነበር፤ አሁን ግን የምጠይቀው አገኘሁ።

እህቴ ኮምቦልቻ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ተቃርቧል። እኔ እዚህ ደሴ ሆኜ ለልጁ በኪሮሽ ኮፍያ፣ ከትንንሽ አራት ማዕዘኖች የምትገጣጠም ብርድ ልብስ፣ ከተሳካልኝ ደግሞ በሁለት መርፌ እጅጌ የሌላት ሹራብ ልሰራ ተነስቻለሁ። እናታችን ዳንቴል ታውቃለች። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የውሃ ጆጉ ሳይቀር የሷን ነጭ ዳንቴል ለብሶ ነው ያደግነው። ግን ስጠይቃት እጇ እንጂ አፏ አይመልስልኝም። «እንዲህ ነዋ!» ትልና ሦስት ደብል (ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ ጠምጥመው የሚሰሩት ረጅም ስፌት) ሰርታ ትመልስልኛለች። የት እንዳስገባችው ሳላይ አለፈ።

ኮፍያውን ከአናቱ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው ዙር 12 ደብል፣ ቀጥሎ 24፣ 36፣ 48። እዚያ ላይ መጨመር አቁሜ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ነበር የፈለግኩት። አልወረደም፤ እየሰፋ ሄዶ አሁን ጫፉ እንደ ሰፌድ ተዘርግቷል። ብቆጥረው 53 ሆኖ ተገኘ። ሆን ብዬ ሁለት ደብል አንድ ቦታ ያስገባሁበት የለም። ዙሩን የምዘጋው የምከተለው ቪዲዮ እንደሚለው በስሊፕ ስቲች (ዙሩን በምታገናኘው አጭር ስፌት) ነው፤ ከዚያ ሦስት ሰንሰለት ወጥቼ እቀጥላለሁ። በዚያ ላይ የተዘጋበት መስመር ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ከማጅራት ተነስቶ ወደ ጆሮ እየሄደ ነው። ኪሮሹ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ክሩ የሕፃን አክሪሊክ።

ለብርድ ልብሷም አራት ማዕዘኖቹን በስሊፕ አያይዣቸው ይላል፤ እንዴት አድርጌ ነው ወፍራም መስመር የማያወጣው? ከጀርባዋ ነጭ ፖፕሊን ገበር ላደርግላት አስቤያለሁ፤ ክሩ ሳይታይ በእጅ እንዴት እንደሚሰፋም ንገሩኝ። የሹራቡ መመሪያ ደግሞ በየረድፉ መጀመሪያ «ስሊፕ 1» ይላል። እዚያስ ከምን ጋር ነው የማያይዘው?


ከቦርከና ማዶ

ኧረግ! ኮምቦልቻ ለሚወለድ ልጅ የአክሪሊክ ኮፍያ? እናንተ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣችሁ፣ እኛ ታች 1,850 አካባቢ እንዳለን ትረሱታላችሁ። የሃረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ካፖርት የምታወልቁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?

ከቻልሽ በጥጥ ክር ስሪለት። ማለዳ ላይና ወደናንተ ለጥየቃ ሲወጣ ያደርጋታል፤ ቤት ውስጥ ሲተኛ ግን ትውለቅለት። ስለ ዳንቴሉ የሚያውቁት ይመልሱልሽ፣ እኔ ስፌት ላይ ነኝ፤ ማታ ከስራ ስወጣ እመለሳለሁ።


እትዬ ኪሮሽ (ሸዋ በር)

ሀያት ልጄ፣ እህትሽን በሰላም ያገላግላት። የእጅ ስራ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። እናትሽን አትውቀሻት፤ እጅ የለመደውን አፍ አያውቀውም፣ እኔም ቃሉን ያገኘሁት ማስተማር ግድ ስለሆነብኝ ነው።

48 ብለሽ 53 ካገኘሽ፣ መጨመር ካቆምሽ ወዲህ የወረድሽው 5 ዙር ነው፤ ውሸት ነው? በየዙሩ አንድ አንድ እየገባብሽ ነው ማለት ነው። የሚገባውም ከዙሩ መሃል አይደለም፤ መገናኛው ላይ ነው።

ዙር ስትጀምሪ የምትወጪው ሦስት ሰንሰለት ለከፍታ ብቻ አይምሰልሽ፤ ራሱ እንደ አንድ ደብል ይቆጠራል። ስለዚህ ቀጥ ባለው ዙር ቀጣዩ ደብልሽ የሚገባው ሰንሰለቱ በተነሳበት ዓይን (የደብሉ አናት ላይ ባለው ቀለበት) ላይ ሳይሆን ከሱ አጠገብ ባለው ላይ ነው። በተነሳበት ላይ ከደገምሽ ወዲያው 49 ሆነ። ልማዱ ከየት እንደመጣብሽም አውቃለሁ። ከ12 ወደ 24 ስትሄጂ ሁሉም ዓይን ላይ ሁለት ሁለት ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ሰንሰለቱ ሥር አንድ ደብል መድገም ትክክል ነበር። 48 ላይ አእምሮሽ መጨመር አቆመ፣ እጅሽ ግን አላቆመም።

ይህን አስተካክለሽም የዙሩ መጨረሻ ላይ ሌላ ነገር ይጠብቅሻል። ያለፈው ዙር የተዘጋበት ስሊፕ ከላይ ሲታይ ራሱ ዓይን ይመስላል። ቀረብ ብለሽ እይው፤ ከሌሎቹ ያነሰ፣ ጠበቅ ያለ፣ ከሰንሰለቱ ግርጌ ወደ ጎን የተጋደመ ነው። ቪዲዮ ላይ የሰውዬዋ አውራ ጣት ስለሚሸፍነው አይታይም። ጀማሪ ሁሉ ባዶ የቀረ ቦታ መስሏት ደብል ትሰራበታለች። አይሰራበትም! የመጨረሻው ደብልሽ የሚያርፈው ባለፈው ዙር የመጨረሻ ደብል አናት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስሊፑን ዘለሽ ከታች ስትቆጥሪ ሦስተኛዋ ሰንሰለት ላይ ትዘጊያለሽ።

አዘጋጉን ልንገርሽ። ኪሮሹን ሦስተኛዋ ሰንሰለት ላይ በሁለት ክር ሥር አስገቢ። አንድ ክር ብቻ ከያዝሽ ተስቦ ቀዳዳ ይተውልሻል። ክር ያዢና ያንኑ ክር ከገባበትም ቦታ፣ ኪሮሹ ላይ ካለውም ቀለበት በአንድ ጉዞ አውጪው። ደብል ላይ እንዳለው አስቀድሞ ክር መጠምጠም፣ መሃል ላይም ማረፍ የለም። ቁመት የማይጨምረው ለዚህ ነው፤ ከዳንቴል ስራ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። ቁመት ስለሌለው ሌላም ቦታ ይጠቅምሻል። ክር ሳትቆርጪ ከዳር ወደ መሃል መግባት ስትፈልጊ፣ ለምሳሌ የልጅ ሹራብ ብብት ላይ አምስት ስድስት ዓይን በስሊፕ ተራምደሽ ከዚያ ደብልሽን ትጀምሪያለሽ።

ዙር በጀመርሽ ቁጥር ሦስተኛዋ ሰንሰለት ላይ መርፌ ቁልፍ ስኪበት። ዙሩን ስትጨርሺ መርፌ ቁልፉ ያለበት ላይ ትዘጊያለሽ፤ መፈለግ ቀረ። እና ቁጠሪ። መቁጠር የሚያንቃቸው ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ዳንቴላቸው ሁሉ ባርኔጣ ነበር የሚሆነው።

መስመሩ ወደ ጆሮ የሚሄደው ግን ጥፋትሽ አይደለም። በቀኝ እጅ ስንሰራ የደብሉ ራስ በቋሚው ላይ ልክ አይቀመጥም፤ ወደ ቀኝ ትንሽ ዘመም ይላል። በየዙሩ ያቺ ትንሽ እየተጠራቀመች መገናኛውን ትወስደዋለች። ካስጠላሽ ዙሩን በዘጋሽ ቁጥር ስራውን ገልብጠሽ ወደ ኋላ ስሪ፤ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲል ቀጥ ይላል፣ የመልኩ ጥለት ግን ይለወጣል። ሳይዘጉ እንደ ጠመዝማዛ መሄድም አለ፤ ያ ለሲንግል (ከደብል ለሚያጥረው ስፌት) እንጂ ለደብል አልወደውም፣ መጨረሻው ላይ ደረጃ ይተዋል። እኔ ብሆን መስመሩን በጀርባ አድርጌ እተወዋለሁ። የሕፃን ማጅራት ማን ያያል?

ስትጨርሺ የመጨረሻውን ዙር በስሊፕ አትዝጊው። ክሩን አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተሽ ቁረጪና ኪሮሹ ላይ ያለውን ቀለበት እስከ ጫፉ ስበሽ አውጪው። ዓይነ ሰፊ መርፌ ላይ ሰክተሽ፣ ሰንሰለቱን ዘለሽ፣ የመጀመሪያው እውነተኛ ደብል ራስ ሥር በሁለቱም ክር አሳልፊ፤ ከዚያ ተመልሰሽ ክሩ ወደወጣበት የመጨረሻ ደብል ራስ መሃል አስገቢው። ከሌሎቹ እኩል እስኪሆን ብቻ ሳቢው። የት እንደጀመረ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው የለም።

አሁን እስከ 48ቱ ተርትሪውና ከዚያ ቀጥዪ። ሊወለድ የደረሰ ልጅ ራስ ዙሪያው 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአናቱ ክብ ከዳር ዳር 11 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ መጨመር ይበቃል።


ሁለት መርፌ

እትዬ ሁሉን ብለውታል። እኔ ስለ ሹራቡ ብቻ።

ሀያት፣ ሹራብ ላይ ያለው ስሊፕ ከምንም ጋር አያያይዝም። ከግራው መርፌ ላይ ያለውን ዓይን ሳትሰሪው ወደ ቀኙ መርፌ ማሻገር ነው፤ በቃ። መመሪያው ሌላ ካላለ እንደ ፐርል አድርገሽ አሻግሪው፣ ማለትም የቀኙን መርፌ ጫፍ ከቀኝ ወደ ግራ አስገብተሽ። እንደ ኒት፣ ማለትም ከግራ ወደ ቀኝ አስገብተሽ፣ ካሻገርሽው ዓይኑ ይጠመዘዛል። ይህኛው የሚፈለገው ሁለት ዓይን ወደ አንድ ስትቀንሺ ነው።

የረድፍ መጀመሪያ ላይ የሚሻገረው ዳሩ እንዲያምር ነው። ለሁለት ረድፍ አንድ ትልቅ ዓይን ዳር ላይ ይቀርና ተራ ተራውን የተደረደረ ሰንሰለት ይመስላል። ለአንገት ልብስ ጥሩ ነው። ያንቺ ግን ጎንና ጎኑ የሚገጠም ሹራብ ከሆነ መመሪያውን አትስሚው፤ የዳሩንም ዓይን በየረድፉ ስሪው። ለምን ብትዪ፣ የተሻገረው ዳር ሁለት ረድፍ በአንድ ዓይን ስለሚይዝ ስትገጥሚው ይላላል፣ ክፍተቱ ከውጭ ይታያል።

ጎኑን ስትገጥሚ ሁለቱን ፊታቸውን ወደ አንቺ አድርገሽ ጎን ለጎን አስተኛቸው። በመርፌ፣ ከዳሩ አንድ ዓይን ገባ ብለሽ፣ በዓይኖቹ መሃል ያለችውን አግድም ክር አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እየለቀምሽ ውጪ፤ ጥቂት ከሄድሽ በኋላ ክሩን ሳብ ስታደርጊው ሁለቱ ይገናኛሉ። ትከሻውን ግን መስፋት አያስፈልግሽም፤ ሁለቱን መርፌዎች ፊትና ፊታቸውን አጋጥመሽ በሦስተኛ መርፌ ከሁለቱም አንድ አንድ ዓይን አብረሽ እየሰራሽ ዝጊው። ጠንካራ ነው፣ ልጅ በትከሻው ሲነሳ አይለጠጥም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የዳንቴል መመሪያሽ ከየት አገር እንደሆነ እይ። አሜሪካኖች ሲንግል የሚሉትን እንግሊዞች ደብል ይሉታል። የእንግሊዝ መመሪያ ይዘሽ በአሜሪካ ደብል ከሰራሽ ስራሽ ቁመቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስሊፕ ስቲች ግን ሁለቱም ጋ አንድ ነው።


የፒያሳው ሰፊ

እኔ ገበሩን ልያዝ። በመኪና እንዳትሞክሪው። ዳንቴል ከመኪና እግር ሥር ሲገባ ይለጠጣል፣ ፖፕሊን አይለጠጥም፤ ስትጨርሺ ዳሩ ሁሉ ተሸብሽቦ ታገኚዋለሽ። ዙሪያውን በሙሉ በእጅ ነው።

ፖፕሊኑ ጥጥ ከሆነ ሳትቆርጪው እጠቢው፤ መሰብሰቡ አይቀርም፣ ከተሰፋ በኋላ ከሚሰበሰብ አሁን ይሰብሰብ። ከብርድ ልብሷ በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር አስበልጠሽ ቁረጪ፣ አንድ ተኩል አጥፊ። ገበሩ ከዳንቴሉ ጫፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይቀመጣል፣ ከፊት አይታይም። እጥፋቱን ተኩሺው፤ ለብቻው ነው እንጂ ዳንቴሉ ላይ ዘርግተሽ እንዳይሆን። ትኩስ ካውያ አክሪሊክ ላይ ካረፈ ክሩ ይሞታል፣ ተመልሶም አይነሳም። ከዚያ ብርድ ልብሷን ጠረጴዛ ላይ ሳትወጥሪ አስተኝተሽ ገበሩን በስፒል ያዢው።

ክሩ ነጠላ ይሁን፣ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ያህል፤ ከዚያ በላይ ሲረዝም ይቋጠራል። ሰም ካለሽ አንዴ አሳልፊበት። ልክ የሚመሳሰል ቀለም ካጣሽ ከጨርቁ ደመቅ ሳይሆን ጠቆር የሚለውን ውሰጂ። ቋጠሮውን እጥፋቱ ውስጥ ደብቂና መርፌውን በእጥፋቱ ጠርዝ ላይ አውጪው። ፊት ለፊቱ ካለው ዳንቴል አንድ ወይ ሁለት ክር ብቻ ንኪ። ተመለሺና እዚያው ትይዩ እጥፋቱ ውስጥ ግቢ፣ በሆዱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ተጓዢ፣ ውጪ። እንደገና ፊት ለፊት። ሚስጥሩ ሁለቱ መሃል ያለው ክር ቀጥ ብሎ መሻገሩ ነው፤ በሰያፍ ከሄደ ይታያል። በየስፌቱ አትሳቢ፤ አራት አምስት ስትሄጂ ቀስ አድርገሽ ሳቢው፣ ክሩ ይገባል። እስኪሸበሸብ ከሳብሽው ጠብቋል ማለት ነው፣ በጣትሽ መልሰሽ አሰራጪው።

ትራስ ከሆነ፣ ሁለቱም ጎን የታጠፈ ስለሆነ ከእጥፋት ወደ እጥፋት እየተሻገርሽ ነው የምትዘጊው፤ ስራው ያው ነው። እኛ የኮት ገበርና የክራባት ጀርባ በዚህ ነው የምንዘጋው። በእጅ የተሰፋ ክራባት ካገኘሽ ገልብጠሽ ውስጡን እይው፤ ጫፉ ላይ ትርፍ ክር ተንጠልጥላ ታያለሽ። ሰፊው ረስቷት አይደለም። ሲታሰርና ሲፈታ ስፌቱ እንዳይበጠስ የሚላላበት ነው የተወላት። ለብርድ ልብሷም እንደዚያው፤ ስፌቱን አላይው፣ ዳንቴሉ መንቀሳቀሻ ይኑረው።


ከቦርከና ማዶ

ተመለስኩ። ጋሼ ያሉትን እኛ ፋብሪካ ውስጥ በመኪና ነው የምናደርገው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ተመርቆ ስራ ሲጀምር ነው ሙያው ውስጥ የገባሁት፤ የተለያየ መኪና ላይ አዙረውኛል። የሱሪ እጥፋት የሚሰፋው መኪና መርፌው ቀጥ ያለ አይደለም፣ ጎባጣ ነው። በጎን መጥቶ ከላይኛው ጨርቅ ጥቂት ቆንጥሮ ይመለሳል፣ ወደ ውጭ አይወጣም። ቦቢንም (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት) የለውም፤ አንድ ክር ብቻውን እየተሰናሰለ ይሄዳል።

ጉዱ እዚያ ላይ ነው። ገዝታችሁ የመጣችሁት ሱሪ እጥፋቱ ላይ የተንጠለጠለች ክር አይታችሁ ሳብ ስታደርጉ ዙሪያው በሙሉ ተተርትሮ የሚወርደው አንድ ክር ስለሆነ ነው። ቦቢን ያለው መኪና ሁለት ክር ስለሚያቆላልፍ እንደዚያ አይተረተርም። ስለዚህ የተንጠለጠለች ክር ካያችሁ አትሳቡ፣ በመርፌ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ቋጥሯት። የጋሼ የእጅ ስፌት ቢበጠስ እንኳ የሚለቀው አንድ ጣት ያህል ነው።


እትዬ ኪሮሽ (ሸዋ በር)

አቶ ሰፊ ስፌቱን አሳምረው ተናገሩ። ገበሩ ላይ ግን አልስማማም። ዳንቴል የሚያምረው ከፊትም ከጀርባም ሲታይ ነው፤ ሰው ሌሊቱን ሲሰራ ያደረውን ለምን ፖፕሊን እናለብሰዋለን? ብርድ ልብሷም ትከብዳለች፣ ስትታጠብም ቶሎ አትደርቅም። በዚህ ክረምት ደሴ ላይ የታጠበ ነገር ስንት ቀን እንደሚውል ያውቁታል።


የፒያሳው ሰፊ

እትዬ፣ በክብር፤ ሕፃን ጣቱን ቀዳዳ ውስጥ ይከታል። ለዚያ ነው ያልኩት እንጂ ስራዎን ለመደበቅ አይደለም።


እትዬ ኪሮሽ (ሸዋ በር)

ጣት የሚያስገባ ዳንቴል ከሆነማ መጀመሪያውኑ ለሕፃን አልተሰራም። ደብሉን ትታ በሲንግል ትስራው፣ ይጠቀጠቃል።

እሱን ተዉትና ሀያት፣ አራት ማዕዘኖቹን ስለማያያዝ አልነገርኩሽም። ሁለቱን ፊትና ፊታቸውን አጋጥሚ። ዳራቸው ላይ እያንዳንዱ ዓይን ሁለት ክር አለው፤ ወደ አንቺ ካለው ቁራጭ ቅርቡን፣ ከወዲያኛው ሩቁን ክር ብቻ ያዢ፤ ሁለቱም ከጀርባ በኩል ያለው ክር ናቸው። በሁለቱ ውስጥ አስገብተሽ ስሊፕ፣ ቀጣዩ ላይ ስሊፕ፣ እንዲያ እያልሽ። አራቱንም ክር ከያዝሽ ነው ያ የፈራሽው ወፍራም መስመር የሚወጣው። ኪሮሹን ከ4 ወደ 5 ሚሊ ሜትር ለውጪ። ስሊፕ በተፈጥሮው ጥብቅ ነው፣ ዳንቴሉ እየተለጠጠ እሱ አይለጠጥም፤ በዚያው ኪሮሽ ከሰራሽው አራት ማዕዘኖቹ መሃላቸው ይነፋል። ቁራጮቹ ዳር ላይ እኩል ቁጥር እንዳላቸው ሳታረጋግጪ ግን አትጀምሪ። አንዱ 15 አንዱ 16 ከሆነ አንድ ቦታ ላይ መጨማደዱ አይቀርም።


ሀያት ከደሴ

እትዬ፣ 48! ቆጥሬ እንደገና ቆጠርኩት። ሰንሰለቱ ሥርም ስሊፑ ላይም ይገባብኝ ነበር፣ አንዳንዱ ዙር ላይ ደግሞ ሦስተኛዋን ሰንሰለት ስቼ ስለምዘጋ አንዱን አጎድል ነበር መሰለኝ፤ ለዚያ ነው 58 ያልሆነው። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰማችኝና «እሱማ ይታወቃል» አለች። ይታወቃል!

አሁን ሌላ መጣብኝ። ጫፉ እንዲያምር ብዬ በሰማያዊ ክር ዙሪያውን በሙሉ ስሊፕ ሰራሁበት። መልኩ ግሩም ነው፣ ግን ቤት ያለች አሻንጉሊት ራስ ላይ እንኳ አልገባ አለ። ሰፊው ኮፍያ ጠቦ ቁጭ አለ። ልፍታው? ደግሞስ እንደተባለው በጥጥ ክር ከሰራሁ ይሻል ይሆን ወይስ ይብስበታል?

ጋሼ፣ ገበሩን አደርገዋለሁ። እትዬ አይቀየሙኝ፤ እህቴ ናት የመረጠችው።


ሁለት መርፌ

ፍቺው። በስሊፕ ያለቀ ጫፍ አይለጠጥም። አንዳንድ ሰው ለቦርሳ አፍና ለእጀታ ሆን ብሎ የሚሰራው እንዳይለጠጥ ነው። ቦስኒያ ውስጥ በስሊፕ ብቻ የሚሰራ የቆየ የእጅ ስራ አለ፤ ካልሲም ይሰሩበታል፣ ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ይወጣል። እነሱ እንዲለጠጥ ሲፈልጉ ከዓይኑ የኋላውን ክር ብቻ ይዘው፣ በጣም አላልተው ነው የሚሰሩት።


እትዬ ኪሮሽ (ሸዋ በር)

አልተቀየምኩም፣ የእህትሽ ልጅ ነው።

ሰማያዊውን ተርትረሽ ጫፉን በሲንግል ስሪው፣ በየዓይኑ አንድ። ሰማያዊ ስሊፕ የግድ ካማረሽ ጫፉ ላይ ሳይሆን ከጫፉ ሁለት ዙር ከፍ ብለሽ ላዩ ላይ ስሪው። ክሩን ከውስጥ ያዢ፣ ኪሮሹን ከውጭ በደብሎቹ መሃል አስገቢ፣ ሳቢና ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት አውጪ። ላዩ ላይ የተጠለፈ ሰንሰለት ይመስላል። እሱንም በ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፤ ጥቂት በሰራሽ ቁጥር በሁለት እጅሽ ወጥረሽ ሞክሪው፣ አብሮ ካልተወጠረ ጠብቋል።

የጥጥ ክሩ ለኮምቦልቻ ይሻላል፣ የቦርከና ማዶው ልጅ እውነቱን ነው። ጥጥ ግን ከአክሪሊክ ያነሰ ነው የሚለጠጠው፤ ኮፍያውን ስትለኪ በመለጠጥ ላይ አትተማመኚ። መገናኛው ላይ ስሊፑን ከለመድሽው ይበልጥ አላይው፤ ክሩን የያዘችውን ግራ እጅሽን ነው የምታላይው እንጂ ኪሮሹን አይደለም። ጥጥ ደግሞ ያንሸራትታል፣ ጫፉ በቶሎ ሾልኮ ይወጣል። ስትጨርሺ የቀረውን ክር ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር በደብሎቹ ሆድ ውስጥ አሳልፊ፣ አንድ ክር ዘለሽ አቅጣጫውን መልሺና እንደገና አሳልፊ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆረጠው። ቋጥሮ መቁረጥ የለም፤ ቋጠሮ የሕፃን ራስ ይቆረቁራል።